የስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ፦ በውጨና ደን፣ በገደል ጠርዝና በሸለቆ መካከል

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር ዞን ይገኛል። በገደላማ መልክዓ ምድሩ፣ በብርቅዬ የዱር እንስሳቱና በደጋ ዕፅዋቱ በዓለም የታወቀ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገቡ የሰፈሩት ቅርሶች 12 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ሁለቱ፣ ማለትም የስሜን ተራሮችና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የኢትዮጵያ ናቸው። የፓርኩ ክልል ሲቋቋም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረ ሲሆን በኋላ በተደረገው ማስፋፊያ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል።

ወደዚህ ፓርክ የሚመጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው የጉብኝት ዘዴ የእግር ጉዞ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ፓርኩን የሚያቋርጠው የመኪና መንገድ የተወሰኑ ሥፍራዎችን ያሳያል፤ ይሁን እንጂ የገደሉን ጠርዝ ተከትሎ፣ የውጨናውን ደን አቋርጦ፣ ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና የሚወጣው የእግር መንገድ የሚያሳየውን አያሳይም። ይህ ጽሑፍ የጉዞውን መስመር፣ የአካባቢውን አፈጣጠር፣ በመንገዱ የሚገኙትን ዕፅዋትና እንስሳት፣ ተጓዡ ሊያደርገው የሚገባውን ዝግጅትና የቅርሱን ደኅንነት የሚመለከቱ ጉዳዮችን በአጭሩ ያብራራል።

የመልክዓ ምድሩ አፈጣጠር

የስሜን ከፍተኛ ቦታዎች በእሳተ ገሞራ የተገነቡ ናቸው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት በተደጋጋሚ እየተነጠፈና እየቀዘቀዘ በሺዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ያለው የባዝልት ክምር ፈጠረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሚሊዮኖች ዓመታት ዝናብና ወንዝ ይህንን ክምር እየሸረሸሩ ቆርጠውታል። ዛሬ በገደሉ ፊት ላይ እንደ ግድግዳ ግንብ ተደራርበው የሚታዩት አግድም መስመሮች አንዱ የቅልጥ ዐለት ፍሰት በሌላው ላይ የተነጠፈባቸው ወቅቶች ምልክቶች ናቸው። ከገደሉ ግርጌ ጀምሮ እስከ ተከዜ ተፋሰስ ድረስ እንደ ዓምድና እንደ አምባ ተለይተው የቆሙት ተራሮችም መሸርሸሩን ተቋቁመው የቀሩ የቀድሞው ክምር አካላት ናቸው።

መሬቱ በሁለቱ ወገኖች ፈጽሞ የተለያየ መልክ አለው። ከደቡብ በኩል የሚመጣ ሰው የሚያየው በእርሻና በግጦሽ የተሸፈነ፣ ቀስ እያለ ከፍ የሚል አምባ ነው። የአምባው ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን መሬቱ በድንገት ያበቃና ገደሉ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ተጓዡ በሁለት እርምጃ ልዩነት ከገብስ ማሳ ወይም ከጓሳ ሜዳ ወደ ጥልቅ ገደል ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ባሕርይ ውበቱን እንደሚያጎላ ሁሉ ዋነኛው የአደጋ ምንጭም መሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ከተራሮቹ ከፍተኛው ራስ ደጀን ነው። ራስ ዳሽን ተብሎም የሚታወቀው ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ከፍ የሚል ሲሆን በኢትዮጵያ ከሚገኙ ተራሮች ሁሉ በከፍታው ቀዳሚ ነው። ከእርሱ በስተምዕራብ፣ ከሜሻሃ ወንዝ ሸለቆ ማዶ፣ ከ4,400 ሜትር በላይ የሚደርሰው የቧሂት ተራራ ይገኛል።

የጉዞው መነሻ

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ባለችው በደባርቅ ከተማ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀዝቃዛ ናት። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ ስካውት የሚመደበው፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ነጂና የጭነት በቅሎ የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነው።

ከደባርቅ አልፎ ወደ ተከዜ አቅጣጫ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን የገደሉን ምዕራባዊ ጫፍ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ስሜን በታሪክም የታወቀ ምድር ነው። ካሣ ኃይሉ የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ በስሜን በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

የጉዞው መስመር

በብዛት የሚመረጠው ጉዞ ከሦስት እስከ አራት ቀን የሚወስድ ሲሆን ቡይት ራስን፣ ሳንቃ በርን፣ ግጭንና ጨነቅን ያገናኛል። ጊዜና አቅም ያለው ተጓዥ ቧሂትንና ራስ ደጀንን ጨምሮ ጉዞውን ወደ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ያራዝማል። የሚወስደው ሰዓት እንደየሰው አካሄድና እንደ አየሩ ሁኔታ ይለያያል።

ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሚወስድ፣ ብዙ ዳገት የሌለበትና ሰውነትን ከከፍታው ጋር ለማለማመድ የሚያገለግል ነው። መንገዱ የገደሉን ጠርዝ እየተከተለ በውጨናና በቀጋ ቁጥቋጦ መካከል ያልፋል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ክፍል ላይ ባሉት ሣራማ ሜዳዎች ነው። የሳንቃ በር ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል።

ከሳንቃ በር እስከ ግጭ። ይህ ክፍል ደንን፣ ፏፏቴንና ሸለቆን በአንድ ቀን የሚያሳይ ሲሆን ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። ተጓዡ ከካምፑ ከወጣ በኋላ ከዋናው መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ የጅንባር ፏፏቴን ወደሚያሳየው ዐለታማ ምሥራቅ ይደርሳል። የጅንባር ወንዝ ከአምባው ጠርዝ ተወርውሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች ወርዶ ወደ ግጭ ገደል ይገባል። ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ወንዙ ሞልቶ ስለሚወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በበጋው መጨረሻ ግን ውኃው ቀጥኖ ነፋስ ከመሬት ሳይደርስ የሚበትነው ጊዜ አለ። ፏፏቴው የሚታይበት ሥፍራ ጠባብ ስለሆነና ሦስት ወገኑ ገደል በመሆኑ ተራ በተራ ማየት ይመከራል። ከዚያ መንገዱ ወደ ወንዙ ይወርድና ተሻግሮ ወደ ግጭ አምባ የሚያወጣውን ረዘም ያለ ዳገት ይይዛል። ካምፑ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል።

ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል እስከ ጨነቅ። ብዙዎች የጉዞው ከፍተኛ ክፍል የሚሉት ይህ ነው። ከግጭ ካምፕ ተነስቶ ጅብራ በተሰለፈበት የጓሳ ሜዳ የሚያልፈው መንገድ ወደ እሜት ጎጎ ያደርሳል። እሜት ጎጎ ከአምባው ወደ ፊት ወጥቶ በሦስት ወገን በገደል የተከበበ፣ ወደ 3,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ጫፍ ነው። ከዚህ ሆኖ የሚያይ ሰው በስተሰሜን ወደ ተከዜ የሚወርዱትን አምባዎች፣ በስተምሥራቅም ቀጣዩን የገደል ጠርዝ ይመለከታል። ከእሜት ጎጎ በኋላ መንገዱ ወርዶ እንደገና ወደ እናትዬ ይወጣል። እናትዬ ከ4,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ከጨነቅ በፊት ያለው ከፍተኛ ነጥብ ነው። ከዚያ በቁልቁለት ወደ ጨነቅ ይወረዳል። ይህ ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚወስድ ጠዋት በማለዳ መነሳት ያስፈልጋል።

ከጨነቅ በኋላ። ጉዞውን በጨነቅ የሚያበቁ ጎብኚዎች በመኪና ወደ ደባርቅ ይመለሳሉ። ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥሉት ግን በቧሂት በኩል አልፈው ወደ ሜሻሃ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ወንዙን ተሻግረውም በአምቢቆ ያድራሉ። በማግሥቱ ወደ ተራራው ጫፍ ለመውጣት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቃቸዋል። በዚህ ክፍል ተጓዥን የሚያደክመው ከፍታው ብቻ አይደለም። የተወጣው ሁሉ ወርዶ፣ የተወረደውም እንደገና የሚወጣ በመሆኑ ጉልበትንና ጉልበት ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ይፈትናል። ሌላው አማራጭ ገደሉን ወርዶ በቆላው መንደሮች በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው መንገድ ነው። በዚህ መስመር ተጓዡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከውርጭ ወደ ሞቃት አየር፣ ከጅብራ ወደ ቆላ ዛፎች ይሸጋገራል፤ ከፍ ካለው ሥፍራ አሻግሮ ያያቸውን ዓምድ መሳይ ተራሮችም ከግርጌያቸው ቀና ብሎ ይመለከታቸዋል።

በመንገዱ የሚታዩ ዕፅዋት

የስሜን ዕፅዋት እንደ ከፍታው በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። በዝቅተኛው ክፍል የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ዛፎች ቅሪት ይታያል። ከዚያ በላይ የሚገኘው ዋነኛው ደን በሌሎች አካባቢዎች አስታ ተብሎ የሚጠራው የውጨና ደን ነው። ውጨና በዝቅተኛ ቦታ ቁጥቋጦ ሆኖ ቢታይም በስሜን ግን ወደ ዛፍነት ያድጋል። በቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ከቆላ የሚወጣውን ጉም እርጥበት ይይዛል። ቢጫ አበባ ያለው አሜጃም ከውጨናው ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል።

ደኑ የሚያበቃው አየሩ ለዛፍ ዕድገት በጣም በሚቀዘቅዝበት ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ ይነግሣሉ። ጅብራ ቅጠሎቹ በአንድ ዘለላ የተከማቹ፣ ሲያብብ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ የሚያወጣ ተክል ነው። ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላም ይደርቃል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቁበት በዚህ ሥፍራ ጅብራው ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን እምብርት ከብርድ ይከላከላል። በመሆኑም ጎብኚ ለፎቶግራፍ ሲል ቅጠሉን ቢሰብር ወይም ዘንጉን ቢያጋድም የሚጠፋው ተክሉ በዘመኑ አንዴ ብቻ የሚሰጠው ዘር ሊሆን እንደሚችል ልብ ሊል ይገባል።

የዱር እንስሳት

ዋልያ። ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። የብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመና ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ የሚችል ሲሆን የሴቷ ቀንድ ቀጭንና አጭር ነው። እንስሳው ኑሮውን ያደረገው ሌላ እንስሳ በማይደርስባቸው የገደል ቋጥኞች ላይ ነው። ለግጦሽ ወደ ጠርዙ የሚወጣው በማለዳና ወደ ማታ በመሆኑ በእነዚህ ሰዓታት በጨነቅ አካባቢ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋልያው ከሰው ሸሽቶ የሚገባበት የገደል ክፍል ውስን ስለሆነ ከተጠለለበት ሊያባርረው የሚችል ማናቸውም መጠጋት መወገድ አለበት።

ጭላዳ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ ዋነኛ ምግቡ ሣር በመሆኑ ከሌሎች የዝንጀሮ ዓይነቶች ይለያል። ሌሊቱን ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ በገደሉ ላይ ያድርና ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። በደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ እያስጠነቀቀ መሆኑን ተረድቶ ወደ ኋላ ማለት ይገባል። ጭላዳን መመገብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ከሣሩ ይልቅ የተጓዡን ስንቅና የገበሬውን ማሳ መከተል ይጀምራልና።

ቀይ ቀበሮና ሌሎች። ቀይ ቀበሮ በፓርኩ ከፍተኛ ሜዳዎች ላይ በአነስተኛ ቁጥር የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ነው። ምግቡ በአብዛኛው የደጋ አይጥ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በመሆኑ ውሻን ወደ ፓርኩ ይዞ መግባት አይገባም። ከእነዚህ በተጨማሪ ሰስ፣ ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ጅብና ነብር በፓርኩ ይኖራሉ። ከአዕዋፍም አጥንትን ከከፍታ ወደ ዐለት ጥሎ በመስበር መቅኑን የሚመገበው ጢማሙ አሞራና ወፍራም መንቆር ያለው ቁራ በገደሉ ጠርዝ ዘወትር ይታያሉ።

ለጉዞ አመቺ ወቅትና የአየሩ ጠባይ

ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ በመሆኑ በእነዚህ ወራት መንገዱ ጭቃማና አንሸራታች፣ ገደሉም በጉም የተሸፈነ ይሆናል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ምድሩ አረንጓዴ፣ ሜዳው በአበባ የተሞላ፣ ፏፏቴውም ሙሉ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ በግጭና በጨነቅ ካምፖች የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ደረቅና አቧራማ ከመሆናቸውም በላይ የሰደድ እሳት አደጋ የሚያሰጋባቸው ወራት ናቸው።

የቀኑም ሰዓት እንደ ወቅቱ ሁሉ ለውጥ አለው። ጠዋት ገደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር በገደሉ ፊት ወደ ላይ ስለሚወጣና ሲቀዘቅዝ ወደ ጉምነት ስለሚለወጥ፣ በቀትር ገደማ ጠርዙ ሊሸፈን ይችላል። ስለሆነም እንደ እሜት ጎጎ ያሉትን ሥፍራዎች ለማየት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት መድረስ ይመረጣል። ጉም ከያዘም ከጠርዙ ራቅ ብሎ እስኪገፈፍ መጠበቅ ግዴታ ነው።

የከፍታ ሕመም

በስሜን ጉዞ ላይ ጤናማና ጠንካራ ሰውን ሳይቀር ሊያሰናክል የሚችለው ጉዳይ ከፍታው ነው። በ3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ደረጃ ከሚገባው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሰውነት ይህንን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ በማግሥቱ ወደ ጨነቅ በመኪና የሚወጣ ሰው ለሕመሙ የተጋለጠ ነው። ወጣትነትና ስፖርተኛነትም ከዚህ አያድኑም።

የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ምልክቱ የታየበት ሰው ባለበት ማረፍ እንጂ ወደ ላይ መቀጠል የለበትም። ዕረፍት እያደረገ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ወደ ታች መውረድ አለበት። በዕረፍት ላይ እያለ መተንፈስ የሚቸግረው፣ አረፋ የቀላቀለ ሳል የሚያስለው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ሰው ለሕይወቱ በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ ሊወርድና ሕክምና ሊያገኝ ይገባል። ሲነጋ ይሻለው ይሆናል ብሎ መጠበቅ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ መውጣት። በጎንደርና በደባርቅ ቢያንስ አንድ አንድ ሌሊት ማደር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልኮል መጠጥ መታቀብ ይመከራል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡር የሆኑ ተጓዦች አስቀድመው ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።

ቅድመ ዝግጅት

ወደ ፓርኩ ለሚደረግ የእግር ጉዞ ስካውት ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። የስካውቱ ሥራ በዱር አራዊትና በመንገድ መሳት ምክንያት ሊደርስ የሚችለውን አደጋ መከላከልና የፓርኩ ደንብ መከበሩን መከታተል ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ መያዝ በተጓዡ ምርጫ የሚወሰን ቢሆንም ጉዞውን ከማቅለሉም በላይ ለአካባቢው ነዋሪዎች የገቢ ምንጭ ይሆናል። ከመነሳት በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት በማነጋገር ስለ ጸጥታው፣ ስለ መንገዱና ስለ ካምፖቹ ሁኔታ ወቅታዊ መረጃ መያዝ ያስፈልጋል።

ተጓዡ ሊይዛቸው ከሚገቡ ነገሮች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የተለማመደውና ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ጠንካራ ጫማ፤
• የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ጓንትና ኮፍያ፤
• ለውርጭ የሚሆን ስሊፒንግ ባግና ድንኳን፤
• ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ በከፍታ ላይ ፀሐይ በብርድ ውስጥም ሆና ቆዳን ታቃጥላለች፤
• የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ቁሳቁስና የግል መድኃኒት፤
• ውኃ መያዣና ውኃ ማከሚያ፤ የወንዝና የምንጭ ውኃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም፤
• ቁልቁለት ለመውረድ የሚረዳ ምርኩዝ።

በአብዛኛው የመንገዱ ክፍል የስልክ አገልግሎት የሚቆራረጥ በመሆኑና በቂ ሕክምና ለማግኘት ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር መሄድ ስለሚያስፈልግ የጉዞ መርሐ ግብርን ለቤተሰብና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አሳውቆ መሄድ ተገቢ ነው።

ቅርሱ ያለፈበት ፈተና

የስሜን ተራሮች ውበት ሳይነካ የቆየ አይደለም። የዋልያና የሌሎች እንስሳት ቁጥር በመቀነሱ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ፓርኩ በመስፋፋቱና በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ ምክንያት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮት ነበር። ከመዝገቡ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚህ ዓመታት የፓርኩ ክልል እንዲሰፋ፣ የግጦሹ ጫና እንዲቀንስና አማራጭ መንገድ እንዲጀመር ተደርጓል። በግጭ አምባ ላይ የነበረው መንደር ነዋሪዎችም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ወጥቷል።

ይህ ውጤት ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ትውልድ የቆየበትን ቀዬ፣ እርሻና የከብት ግጦሽ ትቶ በከተማ አዲስ ኑሮ መጀመር ለግጭ ገበሬ ከባድ ነበር። አሁንም በፓርኩ ዙሪያ ከገብስ ማሳና ከጥቂት ከብቶች በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ብዙ ሕዝብ ይኖራል። ይህ ሕዝብ ከጥበቃው ተጠቃሚ እስካልሆነ ድረስ ጥበቃው ዘላቂ ሊሆን አይችልም። ስካውቱ፣ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩና ዳቦ ጋግራ ለተጓዥ የምታቀርበው እናት ከጎብኚው የሚያገኙት ገንዘብ በገደሉ ላይ ያለው ዋልያ በሕይወት መኖሩ ለእነርሱም ጥቅም መሆኑን በተግባር ያሳያል። ጎብኚ ሲጠፋ ይህ ትስስር ይላላል፤ በከብትና በማገዶ ላይ ያለው ጥገኝነትም ይጨምራል።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የተነሣው ሰደድ እሳት የቅርሱን ተጋላጭነት በግልጽ ያሳየ ነው። እሳቱ የጓሳ ሜዳውንና የውጨናውን ደን ሲያቃጥል የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሊያጠፋው ታግሏል፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርም በማጥፋቱ ሥራ ተሳትፈዋል። ሣሩ በተከታዩ ክረምት መልሶ ሊያቆጠቁጥ ቢችልም ዛፍ ሆኖ የቆየ ውጨና ግን ወደ ነበረበት ለመመለስ ረጅም ዓመታት ይፈልጋል።

የጎብኚው ኃላፊነት

ከላይ ከተገለጹት ምክንያቶች በመነሣት እያንዳንዱ ተጓዥ የሚከተሉትን እንዲያከብር ይጠበቃል፦

• ከተከለለው የእግር መንገድ አለመውጣት፤ አዲስ የተረገጠ መስመር በክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል፤
• ከካምፕ ውጭ እሳት አለማንደድ፣ ማገዶ አለመልቀም፣ የሲጋራ ቁራጭ አለመጣል፤
• ምግብ ለማብሰል በጋዝ ወይም በኬሮሲን መጠቀም፤
• ማናቸውንም ቆሻሻ፣ የምግብ ትርፍራፊን ጨምሮ፣ ይዞ መመለስ፤
• እንስሳትን አለመመገብ፣ አለማባረርና ርቀትን መጠበቅ፤
• ዕፅዋትን፣ ቀንድን፣ አጥንትንና ድንጋይን ለመታሰቢያነት አለመውሰድ፤
• ሰዎችን ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፤
• ለሕፃናት ገንዘብና ከረሜላ ከመስጠት ይልቅ አገልግሎትና ምርት መግዛት፤ ልመና ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያርቃል፤
• ለፎቶግራፍ ሲባል ወደ ገደል ጫፍ አለመጠጋት፤ የጠርዙ ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

የስሜን ተራሮች ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎችም የተዘጋጁ ናቸው። ለብዙ ዓመታት በእግር የሚጓዘው በአብዛኛው የውጭ ዜጋ እንደነበር ይታወቃል። ተማሪዎች፣ ቤተሰቦችና የሥራ ባልደረቦች ሁለት ሌሊት በሳንቃ በርና በግጭ አድረው የጅንባርን ፏፏቴ ቢያዩ ከሚያገኙት ዕውቀትና ደስታ በተጨማሪ ለአካባቢው ሕዝብ የማይቋረጥ የገቢ ምንጭ ይፈጥራሉ። በሌላ አገር የማይገኘውን ዋልያ በራሱ ገደል ላይ ያየ ዜጋ ለጥበቃው የሚቆረቆር ዜጋ ይሆናል። ቅርሱን ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ የሚቻለውም መንግሥት፣ የአካባቢው ሕዝብና ጎብኚው የየድርሻቸውን ሲወጡ ነው።